ፍራንክፈርት ላይ አልጋ የሚያስወድደው ቀኑ ነው

ጥቅምት ውስጥ ነው። አክስቴ ከአዲስ አበባ ተነሥተው ሌሊቱን ሲበሩ አድረው ጎሕ ሲቀድ ፍራንክፈርት ገቡ፤ በማግስቱ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበራቸው። እኔ ከምኖርበት ከሽቱትጋርት መጥቼ ተቀበልኳቸውና ዋናው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ወደያዝኩላቸው ሆቴል ወሰድኳቸው። ስንደርስ ገና ከጠዋቱ 1 ሰዓት አልሞላም። እንግዳ ተቀባይዋ በትሕትና፣ ግን ፍንክች ሳትል፣ ክፍል የሚሰጠው ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ መሆኑን ነገረችን።

«ልጄ፣ ከፍለህበት የለም እንዴ?» አሉኝ አክስቴ።

ከፍዬበታለሁ። ለአንድ ሌሊት 219 ዩሮ። ነጠላቸውን ተከናንበው፣ እግራቸውን ሻንጣው ላይ አሳርፈው፣ መግቢያው ላይ ባለው ወንበር ማንቀላፋት ጀመሩ። ያን ጊዜ ስልኬን አወጣሁና ያንኑ ክፍል ሁለት ሳምንት አሳልፌ ለቅዳሜ ሌሊት ፈለግኩት። 74 ዩሮ ይላል። ያው ክፍል፣ ያው አልጋ፣ ያው ሰው የማያዞር መታጠቢያ ቤት።

ሳምንቱ የፍራንክፈርት የመጻሕፍት ትርኢት የሚካሄድበት ነበር። እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን እንዲህ ያለውን ጊዜ «መሴ ነው» ብለው በአንድ ቃል ይጨርሱታል። መሴ የንግድ ትርኢት ማለት ነው፤ ከተማዋም ያደገችው በእርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1240 ንጉሠ ነገሥቱ ዳግማዊ ፍሬድሪክ ወደ ፍራንክፈርት ገበያ የሚሄዱ ነጋዴዎች በመንገድ ማንም እንዳይነካቸው ጥበቃ ሰጥቶ ነበር። ዛሬም ጥር ላይ የጨርቃ ጨርቁ ሃይምቴክስቲል አለ፤ እርሱን ተከትሎ የቤት ዕቃው አምቢየንቴ ይመጣል፤ በየሁለት ዓመቱ ደግሞ በእኛ እንቁጣጣሽ ሰሞን የመኪና መለዋወጫው አውቶሜካኒካ አለ። በእነዚህ ቀናት ከከተማዋ አልፎ ማይንስና ዳርምሽታት ያለው አልጋ ሁሉ ይያዛል።

ለጥምቀት ጎንደር፣ ለገና ላሊበላ ሄዶ ማደሪያ የፈለገ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ጎንደር ጥምቀቷ በዓመት አንዴ ነው፤ ፍራንክፈርት ግን ትርኢት በሌለበት ሳምንትም ቢሆን ከሰኞ እስከ ሐሙስ የራሷ ገበያ አላት። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ እዚያ ነው፣ የጀርመን ብሔራዊ ባንክ ቡንደስባንክ እዚያ ነው፣ ዶይቸ ባንክና ኮሜርስባንክም እዚያው ናቸው። የባንኩ ሰው፣ አማካሪው፣ ጠበቃው ሰኞ ሻንጣውን እየጎተተ ይገባል፣ ሐሙስ ማታ ወይም ዓርብ ይወጣል። የሚያድርበትን የሚከፍለው መሥሪያ ቤቱ ስለሆነ ሃምሳ ዩሮ ቢጨመርበት ግድ የለውም። ዓርብ ማታ ሆቴሉ ባዶ ይቀራል። ባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ ቅዳሜና እሑድ የሚወደደው አልጋ ፍራንክፈርት ላይ የሚረክሰው ለዚህ ነው። ነሐሴ ላይና ከፈረንጆቹ ገና እስከ አዲስ ዓመታቸው ባለው ሳምንትም እንዲሁ ዋጋው ይወርዳል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው የእኛ ሰው ልማድ ተቃራኒ ስለሆነ ነው። ቀኑን አስቀድመን እንቆርጣለን፤ ትኬት እንገዛለን፤ ቀጠሮ እንይዛለን፤ አልጋው የሚታሰበው መጨረሻ ላይ ነው። በዚያ ጊዜ ደግሞ የቀረው ወይ ውዱ ነው ወይ መጥፎው። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ በኋላ ደግሞ ከአገር ቤት ለሚመጣ ሰው አንዷ የተሳሳተች ሌሊት የወር ደመወዝ ይዛ ትሄዳለች። እኔ የአክስቴን ቀጠሮ ሳስይዝ «ሳምንቱን ላሳልፈው?» ብዬ ሐኪም ቤቱን ብጠይቅ ኖሮ እሺ ባሉኝ ነበር። አልጠየቅኩም። የመሴውን የጊዜ ሰሌዳ ማየት እንዳለብኝም የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ሰሌዳው ግን ከዓመት በፊት ታውቆ ማንም ሊያየው የሚችል ነገር ነው።

የኢትዮጵያ ቆንስላ ያለው ፍራንክፈርት ስለሆነ ከሙኒክ፣ ከኑረንበርግ፣ ከእኔም ከተማ ፓስፖርት ለማሳደስ የሚሄደው ብዙ ነው። ጉዳዩ የሚፈጸመው በሥራ ቀን ነውና ብዙው ሰው ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ይመርጥና ከባንክ ሰዎች ጋር አልጋ ይሻማል። ከልጆች ጋር የሚሄድ ቤተሰብ እሑድ ከሰዓት ገብቶ እሑድን አድሮ ሰኞ ጠዋት ቢሰለፍ ወጪው በጣም ይቀላል። ዓርብ ጉዳዩን ጨርሶ እስከ እሑድ ዘመድ እየጠየቀ የሚቆይም ያው ነው። የማኅበር ስብሰባ የምታዘጋጁ ወንድሞችና እኅቶችም ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ያን ሰሌዳ እዩልን። በመጻሕፍቱ ትርኢት ቅዳሜ ሰው መጥራት ከሩቅ የሚመጣውን ማስቀረት ነው።

ስለ ቦታውም ማለት የምፈልገው አለ። አዲስ አበባ ያሉ ትኬት ቆራጮች «ጣቢያው አጠገብ ነው፣ ርካሽ ነው» ብለው ብዙ ሰው የሚልኩት ባንሆፍስፊርትል ወደሚባለው ሰፈር ነው። አጠገብ መሆኑ እውነት ነው፤ የሐበሻ ምግብም አይጠፋም። ሆኖም እዚያ ሰፈር ዋናው ነገር መንገዱ ነው። ካይዘር ሽትራሰ ላይ በሰላም ትሄዳለህ፤ ሁለት መታጠፊያ ገባ ብለህ ኤልበ ሽትራሰ ወይም ታውኑስ ሽትራሰ ላይ አደንዛዥ ዕፅ የሚወስድ ሰው ደጃፍ ላይ ተኝቶ ታገኛለህ፣ አጠገቡም የሴተኛ አዳሪዎች ቤት ነው። ወጣት ሆኖ ከተማ የለመደ ይቻለዋል። ቋንቋ የማያውቁ እናትን ግን ሃያ ዩሮ ለማትረፍ ብሎ ብቻቸውን እዚያ ማሳደር አይገባም። እኔ በበኩሌ ደግሜ አላደርገውም።

ሃያ ዩሮው የሚተርፍበት ሌላ መንገድ አለ። ከኤርፖርት የሚነሡት ኤስ 8 እና ኤስ 9 ባቡሮች ዋናውን ጣቢያ አልፈው ማይን ወንዝን ተከትለው ጎረቤት ከተማ ኦፈንባህ ይደርሳሉ። ባቡር መቀየር የለም። በምዕራብ በኩል በኤስ 3 እና ኤስ 4 የሚኬድባት ኤሽቦርን አለች፤ የቢሮ ከተማ ስለሆነች ቅዳሜና እሑድ ጸጥ ብላ አልጋዋም ይረክሳል። ወንዙ ዳር ዛክሰንሃውዘን ውስጥ ያለው የወጣቶች ማደሪያ ስሙ የወጣት ቢሆንም ዕድሜ አይጠይቅም፤ የአባልነት ካርድ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። አውቶሜካኒካን ለማየት ለሚመጣ የመለዋወጫ ነጋዴ ቀን መቀየር አይቻለውምና ለእርሱ የሚያዋጣው የባቡሩን መስመር ተከትሎ መውጣት፣ እርሱንም ከብዙ ወራት በፊት መያዝ ነው።

ቪዛ ለሚጠይቅ ሰው ግን ርካሹ ዋጋ ወጥመድ ሊሆን ይችላል። ለማመልከቻው ማደሪያ መያዙን ማሳየት አለበት፤ በጣም የረከሰው አልጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ገንዘቡ የማይመለሰው ነው። ቪዛው ከተከለከለ ትኬቱም አልጋውም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ትንሽ ቢወደድም ሊሰረዝ የሚችለውን መያዝ፣ ቪዛው ፓስፖርቱ ላይ ሲመታ ደግሞ ዋጋውን እንደገና ማየት ይሻላል። ይህን ማድረግ ያለበት በተለይ እዚህ ያለው ዘመድ ነው፤ ካርዱም ኢንተርኔቱም በእጁ ነውና።

«ዘመድ እያለ ምን ሆቴል ያስፈልጋል?» የሚሉኝ አሉ። አባባሉን እወደዋለሁ፤ እኔም ያደግኩት እንግዳ መደብ ላይ፣ እኛ መሬት ላይ እየተኛን ነው። ግን ፍራንክፈርት ውስጥ የቤት ኪራይ ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቅ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ሁለት ልጅ ይዞ ሌሊት ኤርፖርት የሚሠራ ወገን ስንት እንዳለ ያውቃል። ያ ሰው ከሥራ ጠዋት ገብቶ የሚተኛበት አልጋ እንግዳው ያደረበት ነው። አይናገርም፤ ይሉኝታ አለበት። እንግዳውም ያየዋል፣ እርሱም አይናገርም። ሁለቱም ተሳቀው ከሚሰነብቱ፣ ቀኑ በደንብ ታስቦ የተያዘች የ70 ዩሮ ክፍል ኖራ ምሳውን አብረው በሰፊው ቢበሉ ፍቅሩ አይጎድልም።

አክስቴ ለክትትል ተመልሰው የመጡት ከፋሲካ በኋላ ነው። ቀጠሮውን ሰኞ አስደረግኩት። አውሮፕላናቸው እሑድ ጎሕ ሲቀድ ስለሚገባ አልጋውን የያዝኩት ከቅዳሜ ሌሊት ጀምሮ ነበር፤ ጠዋት እንደምንደርስም ለሆቴሉ አስቀድሜ ነገርኩ። ኦፈንባህ ነው፤ ከጣቢያው አምስት ደቂቃ በእግር። ለሁለቱ ሌሊት 138 ዩሮ ከፈልኩ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ቁልፉ ተሰጣቸው። ጫማቸውን አውልቀው፣ መጋረጃውን ራሳቸው ዘግተው እስከ ቀትር ተኙ።