አንቀጹ ይቀብርህ!

እኔ መጠራጠር የጀመርኩት በዓሣ ነው። ሰባት ዓመቴ ነበር፣ ቄስ ትምህርት ቤት። የኔታ የኖኅን ታሪክ እያወሩልን፣ ምድር በሰው ክፋት በውሃ ተጥለቀለቀች፣ መርከቢቱ ውስጥ ከገባው በቀር የተረፈ ነፍስ የለም ሲሉ እጄን አወጣሁ። «የኔታ፣ ዓሦቹስ?» አሰብ አደረጉ። «ዓሣ ምን በደለ? ኃጢአት የለበትም» አሉ። እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ይኼኔ ዲያቆን ነበርኩ። «ታዲያ ኃጢአት ከሌለበት ለምን በጾም አይበላም?»

ኩርኩሙ አሁንም ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዘኛል።

ጥያቄዬን ይዤ አደግኩ፤ ማንም ግን አላወቀብኝም። ምክንያቱም እኛ ቤት ምን ታምናለህ ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም። የሚጠየቀው ምን በላህ ነው። ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርቡ፣ ፍልሰታው፣ የገና ጾሙ ሲደማመር የዓመቱን ግማሽ ያህል ሆዳችን ሲፈተሽ ይኖራል። ጭንቅላት ግን ፍተሻ የለበትም። እኔ ደግሞ በፍልሰታ ከሰፈሩ ልጆች ሁሉ አንደኛ ጿሚ ነበርኩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳልቀምስ እየዋልኩ፣ እግዚአብሔር መኖሩን እጠራጠር ነበር። በባዶ ሆድ ደግሞ ጥርጣሬ ይጠነክራል።

ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላኝ ሐቀኛ ልሁን አልኩ። ሃያ አንድ ዓመት የማይረባ ዕድሜ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሁለተኛው ቡና እየተቀዳ፣ «እማዬ፣ እኔ እኮ አላምንም» አልኳት።

«ማንን? ሰው ከዳህ እንዴ?»

«አይ፣ እግዚአብሔርን።»

ጀበናውን አስቀመጠችና ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ በሹክሹክታ፣ «ማን ቤት ነው የበላኸው?» አለች።

የመጀመሪያዋ አልቃሽ ግን እሷ አልነበረችም፤ ቡና ሊጠጡ የመጡት ሙስሊም ጎረቤታችን ናቸው። «ወላሂ እኔ ዘንድ ቢመጣ ደስታዬ ነበር፤ እናቱ ዘንድ ቢቀርም ደግ ነው» አሉ እንባቸውን በሻሻቸው እየጠረጉ። «ባዶውን ይታደራል እንዴ ልጄ?» ጴንጤዋ የአክስቴ ልጅ በበኩሏ ዓይኗ በራ። ለእሷ ነገሩ ባዶ ቤት ተገኘ እንደማለት ነው፤ ሳይመሽ ለመከራየት መጣች።

የከፋብኝ አጎቴ ነው። አጎቴ በደርግ ዘመን የውይይት ክበብ መሪ ሆኖ፣ ሃይማኖት የሕዝብ ማደንዘዣ ነው እያለ ሰፈሩን ያሰለቸ ሰው ነው፤ የደርጉ ፓርቲ ኢሠፓ በ1977 ሲመሠረት እንዴት እንዳጨበጨበ እማዬ ዛሬም በእጇ እያሳየች ትተርካለች። አሁን ነጠላውን አጣፍቶ፣ ከቅዳሴ አስቀድሞ፣ ከሁሉም ፊት ይቆማል። «አይዞህ፣ ይለፍልሃል» አለኝ፤ ልክ ኩፍኝ እንደያዘኝ። «በኛም አልፏል።» እኔም አልተሸነፍኩም፤ ፈላስፋውን ዘርዓ ያዕቆብንና «ሐተታ» የተባለ መጽሐፉን አመጣሁበት። በሱስንዮስ ዘመን ዳዊቱን ብቻ ይዞ ሁለት ዓመት ዋሻ ውስጥ የተቀመጠ፣ ጾሙንም ምንኩስናውንም በምርመራ ያስጨነቀ የአክሱም ሰው አለን፣ መጠየቅ የፈረንጅ አይደለም አልኩት። (ዘርዓ ያዕቆብ ፈጣሪ የለም አላለም፤ እሱን ግን ዘለልኩት።) አጎቴ ቡናውን ፉት ብሎ፣ «እሱን እኮ የጻፈው ጣሊያን ነው ይባላል» አለ። እውነቱን ነው፣ ይባላል፤ ኮንቲ ሮሲኒ የተባለ ሊቅ በ1920 እ.ኤ.አ. ደራሲው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል ካፑቺን መነኩሴ ነው ብሎ ከጻፈ ወዲህ ክርክሩ አልበረደም። ያለን አንድ ተጠራጣሪ፣ እሱም ተጠርጣሪ ሆኖ ቀረ።

ወደ ሕግ ዞርኩ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 የሃይማኖት፣ የእምነትና የአመለካከት ነፃነት ይላል አልኩ፣ ድምፄን እንደ ጠበቃ አወፍሬ።

«እንግዲያው አንቀጹ ይቀብርህ!» አለች እማዬ።

ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ።

ወደ ነፍስ አባታችንም ተወስጃለሁ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉኝ። ከሰባት ዓመቴ። «ትጾማለህ?» አዎ አባቴ። «ታዲያ ምን ሆንክ?» አርባ ስግደት አዘዙኝ። ሰገድኩ። ለወገብ ጥሩ ነው።

ስቄ ሳወራው ቀላል ይመስላል እንጂ፣ እንደኔው ተናግሮ ከቤት የወጣ ጓደኛ አለኝ፤ የእጮኛው ቤተሰቦች ሽማግሌዎቹን ከበር የመለሱበትም አለ። እኔን ያተረፈኝ የእማዬ ጆሮ ነው፤ የማትፈልገውን አይሰማም።

የሚያስቸግረኝ ሰው አይደለም፣ አማርኛ ነው። እንዴት አደርክ ስባል «ደህና» ብዬ ባቆም ሰው አፌን እያየ ይጠብቃል፤ ተመስገን ካልመጣ ሰላምታው አላለቀም። እንቅፋት ሲመታኝ ከእኔ ቀድሞ አፌ «በስመ አብ» ይላል። ታክሲ ውስጥ መልስ ሲቀርብኝ «ማርያምን፣ መቶ ብር ነው የሰጠሁህ» ብዬ እምላለሁ፤ በሌላ ብምል ረዳቱ አይመልስም። የባሰው የለማኙ ነው። በአማርኛ አልሰጥህም የሚባለው «እግዜር ይስጥህ» ተብሎ ነው። ሌላ ቃል የለም። እኔ ደግሞ ይሰጣል ብዬ የማላምነው ላይ ሰውን መምራት ሐሰት መስሎ ስለሚታየኝ፣ ለተወሰነ ጊዜ ለሁሉም እሰጥ ነበር። ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን የቤት ኪራይ ጎደለኝ። ከዚያ ወዲህ እንደ ሰው እግዜር ይስጥህ እላለሁ።

በ1999 ሕዝብ ሲቆጠር እማዬ በሩ ላይ ቆማ፣ «ስድስታችንም ኦርቶዶክስ ነን» ብላ አስመዘገበች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ከሕዝቡ 43.5 በመቶው ኦርቶዶክስ ነው የሚለውን ቁጥር ባየሁ ቁጥር፣ እዚያች ነጥብ አምስት አካባቢ ራሴን እፈልጋለሁ።

ባለፈው ሳምንት የቤት ካርታ ፈልግልኝ ብላ ሳጥኗን አስከፈተችኝ። ከካርታው ሥር በላስቲክ የታሰረ የደረሰኝ ክምር አገኘሁ። የሰበካ ጉባኤ መዋጮ ነው፤ በየዓመቱ፣ አንድም ሳይዘለል፣ በእኔ የክርስትና ስም።

«እማዬ፣ ይኼ ምንድነው?»

«የመቀበሪያህ ነዋ። ሞት እንደሆነ አንተ ሐሳብህን እስክትቀይር አይጠብቅም።»

ዝም አልኩ። ደረሰኞቹን በቅደም ተከተል አስተካክዬ መልሼ አሰርኳቸው።

«የዘንድሮውን ግን» አለች ሳጥኑን እየዘጋች፣ «ሥራ ይዘሃል፣ ራስህ ክፈል።»

በቴሌብር ላኩላት።