ቪዲዮውን ማን ያቁመው?

እዚህ ሜሪላንድ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ረዳት መምህር ነኝ። ሥራዬ እንግሊዝኛ ገና ያልጠነከረላቸው ልጆች አጠገብ ተቀምጦ ማገዝ ነው። ከመካከላቸው ከአገር ቤት ከመጣች ዓመት ያልሞላት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አለች። ክፍል ውስጥ እንደ ሌሎቹ «ሚስተር» ትለኛለች። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ግን «ጋሼ» ነው የምትለኝ።

ሰሞኑን የሼክስፒርን «ሮሜዮና ጁልየት» እየተማሩ ነው። ተውኔቱ ከተጻፈ 400 ዓመት አልፎታል። እዚሁ ተወልደው ላደጉት ልጆችም ቋንቋው ይከብዳል። መምህርቷ ታዲያ መጽሐፉን አስገልጣ፣ የሰገነቱን ትዕይንት አስነብባ፣ ዩቲዩብ ከፈተች። ጁልየትን የምትጫወተው ተዋናይት ጨለማው ውስጥ ዓይኗን እያንከራተተች «ዌርፎር አርት ዛው ሮሜዮ» አለች። መምህርቷ እዚያው ላይ አቆመችው።

«ምን እያለች ነው?»

«ሮሜዮ፣ የት ነህ?» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

መምህርቷ ምንም ሳትል ሌላ ቪዲዮ ከፈተች። ያው ትዕይንት፣ ያው ቃል ነው። ይቺኛዋ ተዋናይት ግን ማንንም አትፈልግም። ሰገነቱን ተደግፋ፣ እጇን እያየች፣ ለራሷ ነው የምትናገረው። መምህርቷ ይህንንም አቆመችው። «እሷስ?» ክፍሉ ጸጥ አለ።

ወደ ልጅቷ ጠጋ ብዬ፣ «ዌርፎር ማለት እኮ 'የት' አይደለም፣ 'ስለ ምን' ነው» አልኳት በሹክሹክታ።

«ወንጌሉ ላይ 'ስለ ምን ተውኸኝ' እንደሚለው?»

«አዎ፣ እንደሱ።»

ፊቷ በራ። ስለ ምን ሮሜዮ ሆንክ? ስለ ምን የጠላታችን ልጅ ሆንክ? ቀጥሎ ጁልየት አባትህን ካድ፣ ስምህን ተው ትለዋለች። ልጅቷ እጇን አወጣች። ስትመጣ ጀምሮ እጇን ስታወጣ አይቼ አላውቅም። «እኛ አገር ከስማችን ቀጥሎ የሚጠራው የአባታችን ስም ነው። እሱን ካድ ማለት ከባድ ነው» አለች፣ ቃል እየፈለገች። መምህርቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የቀረው ክፍለ ጊዜ በዚሁ ወሬ አለቀ። ቪዲዮው እንደቆመ ቀረ።

እኔ ደግሞ ሐሳቤ አገር ቤት ሄደ።

እዚያ የእንግሊዝኛ መምህር ነበርኩ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፕላዝማ የሚባለው የትምህርት ቴሌቪዥን ወደ ክፍል ሲገባ ደርሼበታለሁ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይመጣል። የታሰበው ደግ ነገር ነበር፤ የገጠሩም የከተማውም ልጅ እኩል እንዲማር ነው። ግን ሥርጭት ስለሆነ አይቆምም፣ ወደ ኋላም አይመለስም። «ሁለት ደቂቃ አላችሁ» ይልና ሙዚቃ ይለቃል። ልጆቹ ገጹን ገልጠው ሳይጨርሱ መልሱ ይመጣል። መብራት ከሄደማ የዚያን ቀን ትምህርት አለፈ ማለት ነው።

አንድ ቀን የአጭር ልብ ወለድ ምንባብ እየሄደ አንድ ልጅ ከኋላ «ቲቸር፣ ምን አለች?» አለኝ። ልመልስለት አፌን ስከፍት ፕላዝማው ላይ የምታስተምረው ሴትዮ ወደ ሚቀጥለው አለፈች። «ቆይ፣ ስትጨርስ» አልኩት። ስትጨርስ ደወል ተደወለ። ያ ልጅ አሁን የት እንዳለ አላውቅም። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ መልሱን አውቀው ነበርና።

ስለዚህ፣ ቪዲዮ ለሥነ ጽሑፍ ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለው ክርክር ለእኔ ቦታውን ስቷል። ጥያቄው ማን ያቁመው ነው። እዚህም ቢሆን ማንም የማያቆመው ቪዲዮ አለ። ጆን ግሪን የሚያቀርበው የዩቲዩቡ «ክራሽ ኮርስ» ሮሜዮና ጁልየትን በደንብ ያብራራል፣ እወደዋለሁ። ነገር ግን ሰውዬው ሲናገር በጣም ፈጣን ነው። ልጆች ማታ ቤታቸው እሱን ብቻ አይተው ይመጣሉ። ታሪኩን ያውቁታል፣ አንዲት መስመር ግን አላነበቡም። የእኔዋን ተማሪ ፍጥነቱን ቀንሺ፣ ንግግሩን ከሥር የሚያሳየውን ጽሑፍ ክፈቺ፣ መጀመሪያ ግን መጽሐፉን አንብቢ ብያታለሁ። የተውኔቱ ጽሑፍ ፎልገር የሚባለው የዋሽንግተኑ የሼክስፒር ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነፃ አለ።

ሥነ ጽሑፍን በጆሮ መቀበል ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ስንቱ ቤት ጸጥ ብሎ ሰምቷል። ዛሬ ያ ትረካ ዩቲዩብ ላይ አለ። ድምፅ ቃሉን ነፍስ እንደሚዘራበት እናውቃለን። ይህን ለእንግሊዝኛው ክፍል ለማድረግ ትልቅ ስክሪን የግድ አያስፈልግም።

ሁለቱን ቅንጭብ ቪዲዮዎች አገር ቤት ለሚያስተምር የድሮ ባልደረባዬ በቴሌግራም ላክሁለት። ክፍሉ ውስጥ ከ60 በላይ ተማሪ አለ፤ ፕሮጀክተር የለም። በነጋታው የድምፅ መልእክት ላከልኝ። ስልኩን ከትንሽ ስፒከር ጋር አገናኝቶ ድምፁን ብቻ አሰምቷቸዋል። «የትኛዋ ናት ሰው የምትፈልገው፣ የትኛዋ ናት ለራሷ የምታወራው?» ብሎ ጠየቃቸው። ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ተከራከረ። መልእክቱ ውስጥ ጫጫታው ይሰማል። ከዚያ መሀል አንዲት ልጅ ከኋላ ጮክ ብላ «ቲቸር፣ እንደገና ክፈተው» ስትለው፣ እሱም መልሶ ሲያስጀምረው ይሰማል።