ክቡር ሲያረፍድ ያምርበታል

ባለፈው ሳምንት አንድ አዳራሽ ውስጥ ክብር ስጠግብ ዋልኩ። መጥሪያው 2፡30 ይላል። እኔ ክቡር ስላልሆንኩ 2፡15 ደረስኩ። ፊት ለፊት ነጭ ጨርቅ የለበሰ ሶፋ ተደርድሯል። ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃና አበባ አለ። አበባው ፕላስቲክ ነው፤ ነክቼ አረጋግጫለሁ። ከሶፋው ኋላ የእኛ ወንበር። ወንበሩም ፕላስቲክ ነው፤ እሱን ሳልነካም አውቄዋለሁ።

ፕሮግራሙ 4፡10 ተጀመረ። አጠገቤ ያሉ ሰውዬ አማረሩ። አልተባበርኳቸውም። ክቡር በሰዓቱ ከመጣ ከእኛ በምን ይለያል?

ከዚያ መድረክ መሪው ጀመረ። "ክቡር አቶ እገሌ፣ ክቡር ዶክተር እገሌ፣ ክብርት ወይዘሮ እገሊት፣ ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣ ክቡራንና ክቡራት..." አሥራ ሰባት ድረስ ቆጠርኩ። ሁለተኛው ተናጋሪ ካቆመበት ይቀጥላል ብዬ ነበር። እሱም ከላይ ጀመረ። ሦስተኛውም። ደስ ሲል! ይህ አገር ስኳር ቢያጥረው ክቡር አያጥረውም።

ድሮ እኮ ማዕረግ መከራ ነበር። ሥራ ነበረበት። ቀኝአዝማች ቀኙን ክንፍ፣ ግራአዝማች ግራውን ይመራል። ነጋድራስ ከነጋዴና ከቀረጥ ጋር ሲጨቃጨቅ ይውላል። ፊታውራሪ ደግሞ ስሙ እንደሚለው ከጦሩ ፊት ነው፤ ጥይቱም መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ፊታውራሪ ገበየሁ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የወደቁት በዚሁ ማዕረግ ነው። አሁን ይህን ማን ይመኛል? የዛሬው ፊት የፊት ሶፋ ነው። ቢበዛ የካሜራ መብራት ዓይን ይወጋል።

ፊታውራሪ ሀብተጊዮርጊስ ዲነግዴንማ ሳስብ አንጀቴን ይበሉታል። የጦር ሚኒስትር ነበሩ፤ የቤተ መንግሥቱ ምክር ያለ እሳቸው አይጠናም ነበር። ግን በ1919 ዓ.ም. እስኪሞቱ ፊታውራሪ እንደተባሉ ቀሩ። ራስ እንኳ ሳይሆኑ! የክብር ዶክትሬት የሚሰጣቸው አንድ ደህና ኮሌጅ ጠፍቶ።

ደጃዝማችም ያው ነው፤ የደጅ አዝማች። ስሙ ከንጉሡ ደጅ ጋር የተያያዘ ነው። ዛሬ ደጁ ላይ የቀረነው እኛ ነን። ለአንድ ማኅተም ሦስት ሳምንት ደጅ የጠና ባለጉዳይ፣ በእኔ ሒሳብ፣ ደጃዝማችነት ይገባዋል።

በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ሲሻር እነዚህ ማዕረጎችም አብረው ተሻሩ። ሁሉም ጓድ ሆነ። ጓድ ቀላል ነበር፤ ችግሩ ሰውን ሁሉ እኩል ማድረጉ ነው። የዚያን ጊዜ ትልቁ ስድብ "ከበርቴ" ነበር። ልብ በሉ፤ ከበርቴና ክቡር የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። ከበረ ማለት ተከበረም ነው፣ ሀብታም ሆነም ነው። አማርኛችን ምን ያህል አርቆ አሳቢ እንደሆነ እዩልኝ። አንዱን ሲያባርሩበት ወንድሙን አስገባ።

ወደ አዳራሹ ልመለስ። ክቡርነታቸው አርባ ደቂቃ ስለ ጊዜ አጠቃቀም ተናገሩ። ከዚያ "ሌላ አስቸኳይ ስብሰባ ስላለብኝ" ብለው ወጡ። አጃቢው ወጣ፤ ካሜራውም ወጣ። ሶፋው ባዶ ቀረ። ወገቤን አሞኝ ስለነበር ቀስ ብዬ ሄጄ ጫፉ ላይ ተቀመጥኩ። እንዴት ይመቻል! ውሃውን ልከፍት ስል ባጅ ያንጠለጠለች ልጅ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለች።

"ክቡር፣ ይቅርታ፣ ይነሱልን። ቦታው የተያዘ ነው።"