ክልልዎን ይምረጡ፦ አላባማ

ዛሬ ምስጋና ላቀርብ ነው። ለበጎ አድራጎት ማኅበራት ድረ ገጽ ሠሪዎች፣ አሠሪዎችና መራቂዎች።

አዎ፣ ድረ ገጽ ይመረቃል። በቀደም ዕለት እንኳ እዚሁ ጅማ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ አንዱ ተመርቋል። ሪባን ነበረ። የታሰረው ላፕቶፕ ላይ ነው። አንድ ትልቅ ሰው በመቀስ ቆረጡት። ተጨበጨበ። ፕሮጀክተሩ ግን እምቢ አለ፤ ስለዚህ ድረ ገጹ በቃል ተብራራ። እንግዶቹም ቲሸርትና ኮፍያቸውን ይዘው፣ ኬካቸውን በልተው ወጡ። ከዚያ በኋላ ሊንኩ በየቴሌግራም ግሩፑ ዘነበብን። «ቸርነት በአንድ ክሊክ!» ይላል።

ከፍታችሁታል፤ አውቃለሁ። መጀመሪያ የሚመጣው ፎቶ ነው። ይመጣል ስል፣ እየመጣ ነው ማለቴ ነው። ፎቶግራፈሩ በትልቁ ካሜራው እንዳነሣው፣ አንዲት ኪሎ ባይት ሳይቀነስለት ተጭኗል። ከላይ ሰማዩ ይታያል። ቆይቶ የሰማዩ ሁለተኛ አጋማሽ ይታያል። የኢንተርኔት ጥቅላችሁ እያለቀ መሆኑን የሚገልጽ መልእክት ከፎቶው ቀድሞ ይደርሳችኋል። ለመስጠት የመጣን ሰው አስቀድሞ ትዕግሥት ማስተማር ትልቅ ብልሃት ነው።

ሲመጣ ደግሞ ምን መሰላችሁ? ደርቆ የተሰነጠቀ መሬት። መሃሉ ላይ አንድ ግራር። ከግራሩ ጀርባ የምትጠልቅ ጀንበር። ጅማን የምታውቁ ፍረዱ። እዚህ ሰው የሚማረረው በዝናብና በጭቃ ነው። ክረምቱን ሙሉ ቦቲ ጫማ ከእግራችን አይወልቅም። አረንጓዴው ዓይን ይጎዳል። ግን ምናልባት ፈረንጅን ጭቃ አያሳዝነውም ተብሎ ታስቦ ይሆናል። የቀረው ቀጭኔ ብቻ ነው ልል ነበር፤ ሦስተኛው ስላይድ ላይ ቀጭኔ አለ።

ከፎቶው ሥር ቁጥሮች ተደርድረዋል። ሲከፈት ከዜሮ ተነሥተው እየሮጡ እንዲወጡ ነው የተሠሩት። በእኛ ኔትወርክ ግን አይሮጡም። ቆመዋል። «0+ ተማሪዎች ተረድተዋል። 0+ በጎ ፈቃደኞች። 0+ ፈገግታዎች።» ከዚህ በላይ ሐቀኝነት ከየት ይመጣል? ከዜሮ በላይ ነው ብሏል። ኦዲተር እንኳ ሊከራከረው አይችልም።

ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴቶች፣ የቦርድ ሰብሳቢው መልእክት፣ የቦርድ ሰብሳቢው ፎቶ፣ የቦርድ ሰብሳቢው ሌላ ፎቶ። እነዚህን እንለፋቸው። «ሥራዎቻችን» የሚለውን ስትነኩ ግን ላቲን ይመጣል። ዲዛይነሮች ቦታ ለመሙላት የሚጠቀሙበት፣ ከጥንት ሮማ ጽሑፍ ተቆራርጦ የተወሰደው ያ ትርጉም የለሽ ጽሑፍ፣ ሳይነካ ተቀምጧል። የአማርኛው ገጽ «በቅርቡ ይጠብቁን» ይላል። የአፋን ኦሮሞው ቁልፍ ሲነካ ወደ እንግሊዝኛው ይመልሳል። ላቲኑ ብቻ ነው ሙሉ የሆነው። ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ የቦርድ አባል ፊደሉን አይተው «ኦሮምኛውም ተካቷል፣ ጎበዞች!» ብለው ማለፋቸውን ሰምቻለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ሂርማታ ገበያ የሚወጣው ሕዝብ በሮማውያን ቋንቋ ተስተናግዷል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ግን ከመክፈያው ፊት ምንም አይደለም። «አሁኑኑ ይለግሱ» የሚል ቀይ ቁልፍ አለ። እሱን በሩጫ ማለፍ ግፍ ስለሚሆን ቁጭ ብለን እናየዋለን።

ቡና የሚነግዱ አንድ ጎረቤት አሉኝ። ሀጂ እንበላቸው። ሊንኩ በልጃቸው ስልክ ደረሳቸው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለሆነ ለደብተር መግዣ አምስት ሺህ ብር እሰጣለሁ አሉ። ሀጂ ለእንዲህ ያለ ነገር እጃቸው አይታጠፍም። «ቁጥሩን ብቻ አምጣልኝ» አሉኝ። የባንክ ሒሳብ ቁጥር ማለታቸው ነው። ሆም ላይ ፈለግን፤ የለም። «ስለ እኛ» ውስጥ የለም። «ያግኙን» ውስጥ ካርታ አለ፤ ነጥቡ ያረፈው አዌቱ ወንዝ ላይ ነው። ቀዩን ቁልፍ ነካን።

25 ዶላር፣ 50 ዶላር፣ 100 ዶላር።

«ብሩስ?» አሉ ሀጂ። ብር የለም። «ሌላ» የሚል ሳጥን አገኘንና 5000 ብለን ጻፍን። ሀጂ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። «ልጄ፣ ይሄም ዶላር እንዳይሆን!» ዶላር ነበር። አጠፋን። በግምት አስልተን ዝቅ አድርገን ጻፍን። ቀጥሎ አድራሻ መጣ።

«ሀጂ፣ ስቴት ይላል።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ክልል ነው።»

«ታዲያ ኦሮሚያ በለው።»

«ኦሮሚያ የለም።»

«እንዴት ኦሮሚያ አይኖርም? በደንብ ፈልግ።»

ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ወረድነው። ከአላባማ ተነሥቶ ዋዮሚንግ ላይ ያልቃል። የአሜሪካ ክልል ሁሉ ተደርድሯል፤ የእኛ የለም። ባዶውን ልለፈው ብል በቀይ «ይህ ግዴታ ነው» አለኝ።

«የመጀመሪያው ማነው?» አሉ።

«አላባማ።»

«አላባ?»

«አላባ-ማ።»

«እሱ ይሁን። አላባ ዘመድ አለኝ። በርበሬም የማስመጣው ከዚያው ነው።»

እንዲህ ሆኖ፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሥር ጅሬን ላይ የተወለዱት ሀጂ የአላባማ ነዋሪ ሆኑ።

ቀጥሎ ዚፕ ኮድ። አምስት አሃዝ። እኛ አገር ፖስታ የሚሄደው ወደ ሳጥን ነው፤ ሰፈር ለሰፈር የሚዞር ቁጥር የለንም። ሀጂ ግን መላ አያጡም። «የአይሱዙዬ ታርጋ አምስት ቁጥር ነው፤ እሱን ጻፍ» አሉ። ጻፍኩ። ተቀበለ! አይሱዙዋም አላባማ ገባች።

ከዚያ «ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ» መጣ። ሀጂ ይሄኔ ተቆጡ። «እኔ ሮቦት አለመሆኔን አጂፕ ሰፈር ሙሉ ይመስክር!» ምስክር አይቀበልም። ዘጠኝ ፎቶ ደርድሮ የእሳት አደጋ ውሃ መቅጃ ያለበትን ምረጡ ይላል። አሜሪካ መንገድ ዳር የሚቆም አጭር ቀይ ብረት ነው። ሀጂ በዚህ ሁሉ ዕድሜያቸው ጅማ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቆሞ አላዩም። ገመትን። ተሳሳትን። አሁን ደግሞ አውቶቡስ ምረጡ አለ። ሀጂ ሚኒባሷንም መረጧት። ሰው እስከጫነች ድረስ አውቶቡስ ናት ብለው ተከራከሩኝ። ተሳሳትን። በሦስተኛው አለፍን። ካርድ ሊጠይቀን ሲል መብራት ጠፋ። ዋይፋዩም አብሮ ሄደ።

መብራቱ ሲመጣ ቅጹ ባዶ ሆኖ ጠበቀን። አላባማ የለም፣ ታርጋዋ የለችም፣ ሀጂም የሉም። የአስር ሶላት ደርሶ ስለነበር ተነሡ። ሲወጡ በሩ ላይ ዞር አሉና «እነዚህ ሰዎች ገንዘብ አይፈልጉም መሰለኝ» አሉኝ።

ተሳስተዋል። ይፈልጋሉ። ከሀጂ ግን አይደለም። ፕሮፖዛሉ ላይ «ድረ ገጽ ይገነባል» የሚል መስመር ነበረ። ተገነባ። መስመሩ ላይ ራይት ተደረገ። ፎቶው ተነሥቶ ለረጂው ተላከ። የሀጂ አምስት ሺህ ብር በዚያ ሪፖርት ውስጥ የሚገባበት ሳጥን የለውም።

እስካሁን እየሳቅን ነው። አንድ ነገር ላይ ግን ሽሙጡ ይቅርብኝ። የልጆቹ ፎቶ። ልብሷ የተቀደደ፣ ንፍጧ የወረደ፣ ዓይኗ እንባ ያቀረረ የአምስት ዓመት ሕፃን። ማን ፈቀደላችሁ? እናቷ ዱቄት ልትቀበል ተሰልፋ ሳለ ካሜራ ሲደቀንባት፣ እምቢ ብትል ዱቄቱ የሚቀርባት አይመስላትም? ጅማ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ያቺ ልጅ ታድጋለች። ትምህርት ቤት ትገባለች። አንድ ቀን የክፍሏ ልጅ ስልኩን አውጥቶ «ይቺ አንቺ አይደለሽም?» ይላታል። ያን ቀን የት ትግባ? አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አለ፤ ቁጥር 1321/2016። ግን ይሄ አዋጅ የሚጠብቅ ነገር ነው? የራሳችሁ ልጅ ፎቶ የሚነሣው ታጥቦ፣ ተቀብቶ፣ ምርጥ ልብሱን ለብሶ ነው። የድሃ ልጅ አፍንጫ ግን ከፎቶው በፊት አይጠረግም፤ ከተጠረገ ገንዘብ አያመጣም። ነውር ነው። ሌላ ስም የለውም።

እሺ። ወደ ምስጋናችን እንመለስ።

«ግልጽነት» የሚል ገጽም አለ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የማኅበር አስተዳደራዊ ወጪ ከገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ይህን ገጹ በትልቁ ጽፎታል። የዘንድሮው ሪፖርትስ? «ለማውረድ እዚህ ይንኩ።» ነካን። ወረደ። ተከፈተ። ባዶ ነጭ ወረቀት ነው። ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ግልጽ።

እነዚህ ባለሙያዎች ሊንቁት የሚገባ አንድ ኋላ ቀር አሠራር በከተማችን አለ። ፒካፕ ላይ ሞንታርቦ ጭነው ለታመመ ሰው የሚለምኑ ወጣቶችን ታውቋቸዋላችሁ። በመኪናው ጎን የተንጠለጠለውን ባነር ተመልከቱት። ራሱ ሕመምተኛው ፈቅዶ የተነሣው ፎቶ። የሐኪሞች ቦርድ ወረቀት፣ ማኅተሙ ሳይቀር። ለሕክምናው ስንት ብር እንደሚያስፈልግ። የባንክ ቁጥሩ ክንድ በሚያህል ጽሑፍ። ከሥሩ የሒሳቡ ባለቤት ስም። ስልክ፤ ሲደወል የሚነሣ። ልጁ ማይኩን ይዞ በኦሮምኛ ይጀምራል፣ በአማርኛ ይቀጥላል፣ እስካሁን ስንት እንደተገኘ ይናገራል፣ ከዚያ ድጋሚ በኦሮምኛ። ራዕይ የለውም። እሴት አልዘረዘረም። ግን ከሚሄድ ባጃጅ ላይ ሆናችሁ በአንድ እይታ ሁሉንም ታነቡታላችሁ። በግንቦት 2013 ቴሌብር ከመጣ ወዲህማ ተሳፋሪው ባጃጁ ሳይቆም ይልካል። አጭበርባሪ የለባቸውም አልልም፤ አለባቸው። አጭበርባሪው እንኳ ግን የባንክ ቁጥር ከላይ መጻፍ እንዳለበት ያውቃል።

አንዱን ድረ ገጽ ሠሪ አግኝቼ ጠይቄዋለሁ። ትሑት ልጅ ነው፤ ላፕቶፑ ላይ የተለጠፈው ስቲከር ብዛት ግን ያስፈራል።

«ወንድሜ፣ የሒሳብ ቁጥሩን ለምን ከላይ አታደርጉትም?»

«ዲዛይኑን ያበላሸዋል።»

«ከታችስ?»

«ፉተሩ ላይ የቦርድ አባላት ሎጎ አለ።»

«የሚፈለገውን ዕቃ ዝርዝርስ? ደብተር ይህን ያህል፣ ብርድ ልብስ ይህን ያህል ብሎ መጻፍ?»

ፈገግ አለ። «ጋሼ፣ እሱ እኮ በየሳምንቱ ይቀያየራል። ማን ያድሰዋል?»

እውነቱን ነው። ማን ያድሰዋል? ድረ ገጽ እንዲያድስ የተቀጠረ ሰው የለም። በጀት የተያዘው ለመገንባት ነው፤ ለማስመረቅም ተይዟል። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ያለችው ልጅ የይለፍ ቃሉን አታውቅም። የሚያውቀው ልጅ ዱባይ ነው።

በዚህ የተነሣ ዕድሜያቸው የፕሮጀክቱን ያህል ነው። የድረ ገጽ ስም እንደሚታወቀው አይገዛም፤ በየዓመቱ ኪራይ ይከፈልበታል። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ኪራዩን የሚያስታውስ ይጠፋል። ስሙ ገበያ ይወጣል፤ የፈለገ ይወስደዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በኬክና በጭብጨባ የተመረቀ አንድ የሕፃናት መርጃ ድረ ገጽ ነበረን። የማኅበሩ ባነር አሁንም አንድ አጥር ላይ ተሰቅሏል፤ ዝናብ ቢያደበዝዘውም አድራሻው ይነበባል። በቀደም ከባነሩ ላይ ቀድቼ ከፈትኩት።

የኳስ ውርርድ ሆኗል። ገጹ በሁለት ሰከንድ መጣ። ፎቶው ቀላል ነው። ቁጥሮቹ ይሮጣሉ። አማርኛው ሙሉ፣ ኦሮምኛው ሙሉ። ከላይ በስተቀኝ፣ አውራ ጣት በምታርፍበት ቦታ፣ «ገንዘብ ያስገቡ» የሚል አረንጓዴ ቁልፍ አለ። በብር። በሞባይል። ስነካው ክልሌን እንኳ አልጠየቀኝም።