«ሥራ የላትም» ያልናት እናት

ሀዋሳ የምትኖሩ የገጠር ልጆች፣ ዛሬ ቆጣ ብዬ ነው የምጽፍላችሁ። የራሴን ጥፋት ግን ላስቀድም።

አንድ ጊዜ ከይርጋለም ወጣ ብሎ ያለው የእናቴ ቤት መጠይቅ የያዘ ወጣት መጣ። «የእናትዎ ሥራ ምንድን ነው?» አለኝ። «አርጅታለች፣ ሥራ የላትም» አልኩት። ጻፈ። እናቴ በዚያ ሰዓት ጓሮ ነበረች። አንድ እግሯን ሽቅብ ሰቅላ እንሰት በቀርከሃ ትፍቃለች። ማታ እሷ የሠራችውን ቆጮ በልቼ ተኛሁ።

ደግሞ መፋቁ መጀመሪያው ነው። አሚቾው፣ ማለትም ወፍራሙ የእንሰት ሥር፣ ይከተከታል፣ ጉድጓድ ይገባል፣ ይገለባበጣል፣ ይጨመቃል። ሳምንታት ይፈጃል። ይሄ ነው «ሥራ የላትም» ያልኩት።

ትልቁ ጥናትም ከእኔ ብዙ አይሻልም። ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የሴቶች መጠይቁ ከ15 እስከ 49 ዓመት ላሉት ነው። ወንዱን እስከ 59 ይጠይቃል። የስድሳ ዓመት እናት ከቤተሰቡ አባላት ጋር ትቆጠራለች እንጂ ወገቧን ያመማት እንደሆነ ቁጭ ብሎ የሚጠይቃት የለም። የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ጡረታ ይወጣል። እሷስ መቼ ልትወጣ ነው?

እንሰት ሲፋቅ ወንድ ድርሽ አይልም፤ ወጉ ነው። ድሮ ልጆቿና የጎረቤት ሴቶች ያግዟት ነበር። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ከተከፈተ ወዲህ ብዙ ሴት ልጆች ወደ ሀዋሳ መጡ። እኛም ጣታችንን ቀሰርንባቸው፤ «እናቷን ጥላ» እያልን። ወንዱ ቀድሞ አይደል እንዴ የወጣው? እሱን ማን ምን አለው?

አባት ሲደክም ሚስት አለችው። ታጥበዋለች፣ ታጎርሰዋለች። እሷ ስትደክም ጧሪዋ ማነው? «ቴሌብር ልኬላታለሁ» አትበሉኝ። ብር ውሃ አይቀዳም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ ልጆቻችንን እሷ ላይ አራግፈን እንመለሳለን። እረፍት ሰጠናት ማለት ነው!

ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፍቼ ጫምባላላ፣ ሀዋሳ ጉዱማሌ አደባባይ ላይ አምረን ፎቶ እንነሳለን። ከዚያ ሄደን ሻፌታውን፣ የሸክላ ገበታውን፣ ከብበን ከቆጮ የተሠራውን ቡርሳሜ በቅቤ እንጠርጋለን። ማን እንደፋቀው የሚጠይቅ አላየሁም። እኔም ጠይቄ አላውቅም።

እና ወንድሞቼ፣ መጠይቅ የያዘ ሰው ሲመጣ ዞር በሉላት፤ አፍ አላት፣ ራሷ ትመልስ። እህቶቻችሁን «አንቺ ሂጂላት» ማለትም ይብቃ። የፊታችን ቅዳሜ ይርጋለም ሚኒባስ ላይ እናንተው ውጡ። መፋቁን ወጉ ከለከላችሁ እንበል። ውሃ መቅዳትን የከለከለ ወግ ግን አላውቅም። ጀሪካኑ ከበሩ ጀርባ ነው።