ፊርማው ብቻ አይበቃም

ስለ ጥንታዊ የግሪክ ሸክላ ሥዕሎች የተጻፈው ጽሑፍ «ፊርማ ካለ ሠዓሊው ታወቀ» ያለው መታረም አለበት። በአቴና ሸክላዎች ላይ ካሉት ፊርማዎች አብዛኞቹ «እገሌ ሠራው» የሚሉ ናቸው፤ ያ ሸክላ ሠሪውን ወይም የሥራ ቤቱን ባለቤት እንጂ ሠዓሊውን አያሳይም። ኤክሴኪያስ የተባለው የአቴና ባለሙያ በሁለቱም፣ በሠሪነትም በሠዓሊነትም፣ ፈርሟል። አማሲስ ግን የፈረመው በሠሪነት ስለሆነ፣ ሥዕሎቹን የሣለው ሰው «የአማሲስ ሠዓሊ» ይባላል።

የግሪክ ሸክላ ሥዕል ተመራማሪው ጆን ቢዝሊ እ.ኤ.አ. በ1911 «የበርሊኑ ሠዓሊ» የሚባለውን ስሙ ያልታወቀ የአቴና ሠዓሊ ሥራዎች ለይቶ ሲሰበስብ የተመረኮዘው በሥዕሎቹ መስመሮች አሣሣል ላይ ነው። ጆሮ፣ የአፍንጫ ቀዳዳ፣ የአንገት አጥንት፣ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት፦ ሠዓሊው ሳያስብበት እጁ በልማድ የሚሠራቸው ናቸው። ጭብጥና አቀማመጥ ግን ከጎረቤት ይቀዳል፤ በእነሱ ብቻ የሚፈርድ ሰው ተማሪውን ከመምህሩ ይቀላቅላል።

ስታነጻጽሩ ጉልበትን ከጉልበት፣ ያውም በአንድ አቅጣጫ ከዞረ ጉልበት ጋር አድርጉት። በቀይ ምስል ሸክላ (መደቡ ጥቁር ሆኖ ምስሎቹ በሸክላው ቀይ ቀለም በሚቀሩበት ዓይነት) ላይ ሁለት ዓይነት መስመር አለ፦ ጎላ ብሎ የሚነሳው ጥቁር መስመርና በቀጠነ ቀለም የተሠመረው ቡናማ። የጡንቻው ዝርዝር ብዙ ጊዜ ያለው በቡናማው ነው፤ መጥፎ ፎቶ ደግሞ መጀመሪያ የሚያጠፋው እሱን ነው። ስለዚህ ዕቃውን ከጎን በሚመጣ ብርሃን ማየት ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው የድሮ ጥገና ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጠጋኞች ስንጥቁን ሞልተው የጎደለውን እግር ራሳቸው ይሥሉበት ነበር። አልትራቫዮሌት መብራት ሥር አዲሱ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከጥንቱ ይለያል። ይህ ሳይጣራ ስለ ቁርጭምጭሚት መከራከር ስለ ጠጋኙ እጅ መከራከር ሊሆን ይችላል።