«ስንት ገዛኸው?»

አሮጌው ስልኬ በመጨረሻዎቹ ወራቱ ከግድግዳ ጋር ታስሮ እንደሚውል ጥጃ ሆኖ ነበር። ከቻርጀር ከተነቀለ ከአንድ ጥሪ በላይ ስለማይቆይ በቤትም ሆነ በመሥሪያ ቤት መቀመጫዬን የሚመርጥልኝ ሶኬቱ ነበር፤ በስልክ እያወራሁ ባለጉዳይ ቢመጣብኝ እንኳን ገመዱ እስከፈቀደልኝ ድረስ ብቻ ከወንበሬ ብድግ እላለሁ። ይህንንም ለምጄው ነበር። ሌላ ስልክ ለመግዛት የቆረጥሁት ሁለት ወዳጆቼን ጁስ ጋብዤ፣ ሒሳቡን በቴሌብር ልከፍል የምስጢር ቁጥሬን አስገብቼ ሳልጨርስ ስልኩ እጄ ላይ ድርግም ብሎ፣ ተጋባዦቼ እርስ በርሳቸው እየተያዩ የከፈሉ ዕለት ነው።

የመደብሁት ገንዘብ 15,000 ብር ነበር። ሐሳቡን ለባለቤቴ ብቻ ነግሬያት ቢሆን ኖሮ ነገሩ በአንድ ከሰዓት ባለቀ፤ እኔ ግን በመሥሪያ ቤታችን ቡና ላይ አነሣሁትና ሲኒዬን ሳልጨርስ ምክር ቤት ተቋቋመብኝ። አንደኛው «በዚህ ብር አዲስ ከመግዛት ዩዝድ ሳምሰንግ ይሻልሃል» አለ። ሌላዋ «የሰው እጅ የነካው ስልክ ጣጣው ብዙ ነው፤ ዝቅ ያለም ቢሆን አዲስ ግዛ» ስትል፣ ከቴክኖና ከኢንፊኒክስ የቱ ይሻላል በሚለው ላይ ሁለት ሰዎች ሊጣሉ ደረሱ። ሁለቱንም፣ አይቴልንም ጨምሮ፣ የሚሠራው ትራንሽን የሚባለው አንድ የቻይና ኩባንያ መሆኑን ብነግራቸውም ክርክሩ አልበረደም፤ የወንድማማቾች ጠብ ከባዕድ ጠብ ይከፋልና። አራተኛው ደግሞ ከአዳማ አዲስ አበባ ወጥቼ መርካቶ ብገዛ 1,000 ብር እንደማተርፍ በእርግጠኝነት ነገረኝ። የደርሶ መልሱን ትራንስፖርት፣ ምሳዬንና የአንድ ቀን ፈቃዴን ስደምረው 1,000 ብሩ ገና ሞጆን ሳያልፍ ያልቃል። «በቅሎ ግዙ ግዙ፣ አንድ አሞሌ ላያግዙ» ያሉት አባቶቻችን የእኛን መሥሪያ ቤት ቡና የቀመሱ ይመስለኛል።

ከመካሪዎቼ ሁሉ የበረታው የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው። እርሱ በሕይወቱ ስልክ ገዝቶ አያውቅም፤ የያዘውን ልጁ ከውጭ አገር ልካለት ነው። ይሁን እንጂ «8 ጊጋ ራም ያልሆነ ስልክ እንዳትገዛ፤ ብትገዛም እኔን አታሳየኝ» ብሎ አስጠንቅቆኛል።

ይህ የራም (ስልኩ ሥራ ላይ ሳለ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማኅደር) ነገር ካርቶኖችን በትዕግሥት እንዳነብ አደረገኝ። የርካሽ ስልክ ካርቶን ለጋብቻ እንደተላከ ሽማግሌ ነው፤ የልጁን ሙያ አሳምሮ ይዘረዝራል እንጂ ጠባዩን አይናገርም። ፊት ለፊት በትልቁ 8 ጊጋ ተብሎ የተጻፈበትን ስልክ ዞር አድርጌ ሳየው በደቃቃ ፊደል 4+4 ይላል። ሁለተኛው አራት ራም ሳይሆን ከፋይል ማስቀመጫው ላይ ተቆርሶ በብድር የተሰጠ ቦታ ነው፤ ፍጥነቱም ከእውነተኛው ራም ጋር አይገናኝም። እኔ ከቀኝ ኪሴ አውጥቼ ግራ ኪሴ ብከት ሀብቴ እጥፍ ሆነ እንደማለት ነው። ካሜራውም እንዲሁ ነው፤ ከጀርባው ሦስት ዓይን ተደርድሮ ቢታይም ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚሠራው አንዱ ሲሆን፣ ሌላው ባለ 2 ሜጋፒክስል ሆኖ ለግርማ ሞገስ ይቆማል። 64 ጊጋ የተባለው ማስቀመጫም ቢሆን ሲስተሙ ድርሻውን ቀድሞ ወስዶለት ነው ለእኛ የሚደርሰው። ካርቶኑ ላይ ፈልጌ ያጣሁት ግን አምራቹ የደኅንነት ማሻሻያ ስንት ዓመት እንደሚልክለት ነው። ደመወዜን የምቀበልበትንና ዕቁቤን የምጥልበትን ስልክ ከሌባ የሚጠብቀው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ ከዚያ ሁሉ መካሪ አንድም ሰው አላነሣውም። ለእኔ እውነተኛ 4 ጊጋ ራም፣ 128 ጊጋ ማስቀመጫና ባለ 5000 ባትሪ በቂ ነው፤ ካሜራው የልጄን የቤት ሥራና የባንክ ደረሰኝ አጉልቶ ካነሣልኝ ሌላ ውበት አልጠይቀውም።

ቅዳሜ ከሰዓት ፍራንኮ አካባቢ ወዳለ አንድ ሱቅ ገባሁ። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ካለፈ ጀምሮ፣ የስልክ ዋጋ መጠየቅ የምርመራ ውጤት እንደመጠየቅ ሆኗል፤ ሰው ከመስማቱ በፊት የሚደገፈው ነገር ይፈልጋል። እኔም ባንኮኒውን ተደገፍሁ።

«ፋዘር፣ ፓክድ ነው ወይስ ስላይትሊ ዩዝድ?» አለኝ ልጁ።

«ስላይትሊ» የሚለውን ቃል እወደዋለሁ፤ የቀድሞው ባለቤት ስልኩን ዓመቱን ሙሉ በሁለት ጣቱ ብቻ ሲይዘው የከረመ ያስመስላል። ልጁ ያወጣልኝ ሳምሰንግ መስተዋት የመሰለ ነበር፤ ዋጋውም ልኬ ነው። ነገር ግን የእኅቴ ልጅ «ዩዝድ ከሆነ ሪሴት አድርጉልኝ በል» ብሎ ስለመከረኝ (ከምክር ሁሉ የረባው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ምክር መሆኑ አስገርሞኛል) እንዲያጠፋልኝ ጠየቅሁት። ልጁ «ምን ያደርጋል ፋዘር፣ ንጹሕ ነው እኮ» እያለ ቢያንገራግርም ቆሜ አስደረግሁት። ስልኩ ጠፍቶ በርቶ፣ ቋንቋ አስመርጦ፣ ዋይፋይ ጠይቆ ሲያበቃ፣ ከዚህ በፊት የነበረውን የጎግል አካውንት አስገባ ብሎ ቀጥ አለ። የማላውቀው ሰው፣ በማላውቀው አገር፣ የማላውቀውን የይለፍ ቃል ይዞብኝ ተቀምጧል። ልጁ ግን አልደነገጠም፤ «እሱ ቀላል ነው፤ የሚከፍትልህ ልጅ አለ» አለኝ። የቁልፍ ሠሪ ስልክ ቁጥር ተጨምሮለት የሚሸጥ ቤት እንደማልገዛ ሁሉ ይህንንም መለስሁለት።

ወደ ፓክዱ ዞርን። ካርቶኑ እንደተከፈተ *#06# ደወልሁና 15 አሐዝ ያለው የአይኤምኢአይ ቁጥር፣ ማለትም የስልኩ መለያ፣ ወጣ፤ ባለ ሁለት ሲም ስለሆነ ሁለት ነው። እኔ ከስክሪኑ ላይ ሳነብ ልጁ ከካርቶኑ ላይ እየመለሰ እንደ ካህንና እንደ ዲያቆን ተቀባበልን፤ ሁለተኛው ቁጥር ላይ ስንደርስ ከኋላችን የቆሙ ሦስት ደንበኞች በሹክሹክታ ያግዙን ነበር። ቁጥሮቹ ተስማሙ። ማይክራፎኑን ልሞክር ሲሜን ከትቼ፣ ድምፁን ወደ ስፒከር ለውጬ፣ ባለቤቴ ዘንድ ደወልሁ።

«ይሰማሻል?»

«ስንት አሉህ? 18,000 እንኳን ቢሉህ ያንን አሮጌ ጉድ ይዘህብኝ እንዳትመጣ!»

ማይክራፎኑም ስፒከሩም ደኅና መሆናቸውን ያረጋገጥሁት እንዲህ ነው። ልጁ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዙሮ የሳቀ ሲሆን፣ ከዚያች ደቂቃ በኋላ ያደረግሁት ክርክር ሁሉ ለወጉ ያህል ነበር። በ17,500 ተጀምሮ ከነከቨሩና ከነግላሱ በ16,800 ብር አለቀ። ጋራንቲ እንዳለው ስጠይቅ፣ ካልወደቀ፣ ውኃ ካልነካው፣ ሌላ ባለሙያ ካልከፈተውና ቻርጀሩ ካልተቀየረ አንድ ዓመት መሆኑን ነገረኝ። በእኔ ሒሳብ ጋራንቲው የሚሠራው ለካርቶኑ ነው። ግላሱን ሲለጥፍልኝ ሦስት ጊዜ ጠርጎ፣ ሁለት ጊዜ እፍ ብሎ፣ ልክ ሲያሳርፈው የአዳማ ነፋስ በበሩ ገብቶ አንዲት የአቧራ ቅንጣት መሐሉ ላይ አስቀመጠለት። እስከ ዛሬ እዚያው ናት።

ስልኩን ገዛሁ እንጂ ግዢው ገና አላለቀም ነበር። ሰኞ ጠዋት መሥሪያ ቤት ሳወጣው ማንም ሰው ይፈጥናል ወይ፣ ባትሪው ይቆያል ወይ ብሎ አልጠየቀኝም፤ ሁሉም በአንድ አፍ «ስንት ገዛኸው?» አለ። እውነቱን ተናገርሁ። «ኡ! ተሸውደሃል!» የሚለው ድምፅ ከሦስት ጠረጴዛ መጣ። አንድ ሰው ዕቃ ገዝቶ አለመሸወዱን ያመኑለትን ጊዜ አላስታውስም፤ ሌላው በዋጋው ከገዛ እኛ በፊት የከፈልነው ሊቆጨን ነው። ስለዚህ ዋጋውን ማውረድ ጀመርሁ። ከሰዓት በኋላ ለሒሳብ ሹሟ 15,500 አልኋት፤ «ትንሽ በልተውሃል» አለች። ማታ ጎረቤታችን እትዬ ሲጠይቁኝ 14,000 አልኋቸው፤ «ይሁን፣ ምን ይደረግ» ብለው አጽናኑኝ። የባለቤቴ ወንድም ሲመጣ ግን ስልኩን ገለባብጦ፣ የ4+4ን ነገር ባላየ አልፎ፣ አቧራዋን በጥፍሩ ፍቆ ፍቆ እንቢ ስትለው ቀና አለና ጠየቀኝ።

«13,000» አልሁት።

ዝም አለ። በሃያ ዓመት ዝምድናችን እርሱን ዝም ያሰኘሁበት ብቸኛው ቀን ነው፤ ያን ሌሊት እንደ ንጉሥ ተኛሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፖስታ ይዞ መጣ። አንድ ለእርሱ፣ አንድ ለሌላዋ እኅቱ፣ አንድ ደግሞ ለአማቴ፣ በድምሩ 39,000 ብር ቆጥሮ ጠረጴዛው ላይ አኖረና «አንተ እንኳን ሰው አወቅህ፤ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ዋጋ» አለኝ። ባለቤቴ እውነቱን ታውቃለች፤ ነገር ግን ወንድሟ ፊት ባሏን ማዋረድ ስላልወደደች ቡናውን ማራገብ ቀጠለች። በየአንዱ ስልክ 3,800 ብር ከኪሴ ስጨምር 11,400 ይሆናል፤ ከራሴው ላይ ሲደመር ያ በቅናሽ የገዛሁት ስልክ 28,200 ብር ገባኝ ማለት ነው።

ሰኞ ባጃጅ ይዤ ፍራንኮ ወረድሁ። ልጁ ከሩቅ ዐውቆኝ «ፋዘር! ተበላሸ እንዴ?» አለ። አልተበላሸም፤ ሦስት እፈልጋለሁ አልሁት። ዕቃው ጨምሮ 17,400 መግባቱን ሲነግረኝ ሌሊቱን የሠራሁት ሒሳብ እዚያው ፈረሰ፤ ተደግፌው የነበረውን ባንኮኒ ደግሜ ተደገፍሁ። ከዚያም ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ደረሰኙ ላይ 13,000 ብሎ ሊጽፍልኝ ይችል እንደሆነ ለመንሁት።

ልጁ የደረሰኙን ጥራዝ እየሳበ እጅግ በደግነት አየኝ።

«ፋዘር፣ እሱን እንኳን ሳትጠይቀኝም አደርገው ነበር።»